የዳርያ ብራድ

ናዚህ አንድ ጉልበቱን በረዶው ላይ ተክሎ የመጨረሻውን ድንጋይ ለቀቀው። ሃያ ኪሎ የሚመዝነው ክብ ድንጋይ እየተንሸራተተ ሄዶ የተጋጣሚውን የኦረስትን ድንጋይ በረዶው ላይ ከተሰመረው ክብ መሃል ገፍቶ አስወጣና እዚያው ቆመ። ድንጋዩን መሃል ያሳረፈ ስለሚያሸንፍ ጨዋታው አለቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ናዚህ በዚህች ድል ሳምንት ሙሉ ያሰለቸን ነበር። ዛሬ ግን ሳይፎክር የበረዶ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ምክንያቱ የድንጋይ ማንሸራተት ክበባችን በር ላይ ተለጥፏል። በከተማችን መቃብር ጥግ ላይ ለሙስሊሞች ቦታ እንዳይሰጥ የሚጠይቅ የፊርማ ወረቀት ነው። ምክር ቤቱ ማታ በአንድ ሰዓት ይወስናል። ቦታውን የጠየቀው ናዚህ ራሱ ነው። ልቡ ሁለት ጊዜ ልትቆም ብላ አስደንግጣዋለች። አባቱ የተቀበሩት የሙስሊም መቃብር ባለበት ኤድመንተን ነው፣ ሦስት ሰዓት መንገድ፤ ሚስቱ ሰሚሃ ደግሞ መኪና አትነዳም።

ከፈራሚዎቹ አራተኛው ኦረስት ነው።

በክበባችን ያሸነፈ የተሸነፈውን ቢራ ይጋብዛል። ናዚህ አይጠጣም፣ ለሌላም አይገዛም። የዛሬ አርባ ዓመት ይህ ነገር ሁላችንንም ግራ አጋብቶን ሳለ መላ የመታችው የኦረስት ሚስት ዳርያ ነበረች። ከራሷ ወጥ ቤት ሰማያዊ የሻይ ብራድ አምጥታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ኦረስት ሲያሸንፍ ሻይ፣ ናዚህ ሲያሸንፍ የፖም ኬክ ይጋብዛል ብላ ፈረደች። ኬክ ከሻይ ስለሚወደድ ናዚህ አሸንፎም ይከስራል እያልን ስንት ዓመት ሳቅንበት። እሷ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው።

ናዚህ ብራዱን ከመደርደሪያው አውርዶ በፎጣ አደረቀና ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

«ወዴት ነው እሱን?» አለ ኦረስት።

«ወደ ቤቴ።»

«የዳርያ እኮ ነው።»

«ያመጣችው ለኔ ነው። ኬክህ እየመጣ ነው፣ ብላና ሂድ።»

ኦረስት ወደ በሩ ሲያይ ነገሩ ገባው። ቆቡን አውልቆ ያገላብጥ ጀመር።

«ናዚህ፣ አንተን ብዬ አይደለም እኮ። ከየከተማው አስከሬን እየጫኑ ይመጣሉ ሲሉኝ ነው። እነዚያ መጤዎቹ...»

«እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው። አንተ በስምንት ዓመትህ ከፖላንድ ስትመጣ እንግሊዝኛ ያስተማረህ ማን ሆነና?»

«ስድቡን ብቻ ነው ያስተማርከኝ።»

«ሌላውን መቼ ፈለግክ?»

ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ቀድሞ የተኮሳተረው ናዚህ ነው።

«ዳርያ በጥር ስትሞት መሬቱ በብርዱ ብረት ሆኖ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለት ቀን ከሰል አንድጄ አለሰለስኩትና ቆፈርኩላት። ለኔስ ማን ያነድልኛል? ያን ያህል ርቄ ስተኛ ሰሚሃን ማን ያመጣታል?»

ኦረስት ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ተነሳ። «ስሜን ልሰርዘው።»

«ተወው። ስትፈርም አገር አይቶሃል። የምታነሳውም አገር እያየ ነው፣ ማታ ምክር ቤቱ ፊት፣ በአፍህ።»

ኦረስት ሰው ፊት መናገር እንደ ሞት ይፈራል። በሰርጉ ቀን እንኳ የምስጋናውን ቃል ያነበበለት ናዚህ ነበር፤ ሙሽራው አጠገቡ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል፣ ዳርያም ትስቃለች።

«ብጽፈው አታነብልኝም?» አለ።

«የዛሬውን አላነብልህም።»

ኬኩ መጣ። ኦረስት ሹካውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ናዚህ ኮቱን ለበሰ፣ ቦርሳውን አንጠለጠለ፣ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። ብራዱን አውጥቶ መደርደሪያው ላይ ሳይሆን ኦረስት ፊት፣ ከኬኩ አጠገብ አኖረው።

«ማታ ከመጣህ ይዘኸው ና» አለና፣ አሸናፊው እሱ ነውና፣ የኬኩን ሂሳብ ከፍሎ ወጣ።