ለትከሻ የምትመች ጠመንጃ

ቨርሊን በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ኤልክ የተባለውን ግዙፍ አጋዘን የማደኛ ዕጣ ለሃያ አንድ ዓመት ሲሞላ ኖሮ፣ በሰባ ሦስት ዓመቱ ወጣለት። ፈቃዱ ለዘንድሮ ብቻ ነው፤ ለልጅ አይተላለፍም፣ ዕጣው የወጣለት ሰው ሳይወጣለት በቀረባቸው ዓመታት ያጠራቀመው የዕጣ ነጥብም ይሰረዛል። ችግሩ ግን ሐኪሞች በጥር ቀኝ ትከሻውን በብረት መቀየራቸው ነው።

"ያንን ኃይለኛውን ማግነም ጠመንጃዬን እንዳትነካ ተብያለሁ። የማይራገጥ ስጠኝ" አለው አብሮ አደጉን ጠመንጃ ሻጩን ዴልማርን።

ዴልማር ጥይቷ ስድስት ነጥብ አምስት ሚሊሜትር የሆነ ቀለል ያለች ጠመንጃ ከመደርደሪያው አወረደለት። "ይቺን የልጅ ልጄም ትተኩሳታለች። እንኳን አንተን፣ ዝንብ አታስደነግጥም።"

ቨርሊን ሰደፏን ትከሻው ላይ አስደገፈ። አላመመውም፤ ፊቱ በራ። "ከስንት እርምጃ ትጥላለች?"

"ኤልክ ከሆነ ከሦስት መቶ ወዲህ። ከዚያ ካለፈ አቁስለህ ነው የምትሰደው። ለአደን የደረሰህ ቦታ ደግሞ ገላጣ ነው፤ ሸለቆውን ካልተሻገርክ ስድስት መቶ ነው።"

"እሻገራለኋ!"

"በየትኛው ጉልበትህ፣ አንተ ሽማግሌ? ከመኪናህ እዚህ በር እስክትደርስ ሦስቴ ቆምክ። በመስኮት ሳይህ ነበር።"

"መካከለኛ የለህም?"

"ከሩቅ የሚጥለው ሁሉ ትከሻህን ይነቅለዋል። ትከሻህ የሚችለው ሁሉ መጠጋት ይፈልጋል።"

ቨርሊን በሕይወቱ አንድም አውሬ አቁስሎ ሰዶ አያውቅም። ጠመንጃዋን ባንኮኒው ላይ አጋደማት።

"እንደገና ዕጣ ለመግባት ስንት ዓመት ነው የሚያስጠብቁት?"

"አምስት" አለ ዴልማር፣ ቀና ብሎ ሳያየው። ከዚያ በኋላ ነጥብ ማጠራቀሙ ከዜሮ እንደሚጀምር ሁለቱም ያውቃሉ።