ኮራሎቹ እስኪከፈቱ

ለልጁ ሳል ያልነቃ ሰው ለኮራል እንዴት እንቅልፍ ያጣል? እማ ሳራስ ሽንኩርት እየከተፉ ይህን ያሰላስላሉ። አማቻቸው ሎጋን ሳሎን ውስጥ ተንበርክኮ፣ አፍንጫውን የኮራሎቹ ገንዳ መስታወት ላይ ለጥፎ ይቃትታል። የቲያ ደረት እንደ አሮጌ በር ሲያፏጭ ባደረበት ሌሊት እንኳ እንዲህ አልተንበረከከም። ያለችው አንዲት ልጅ ቲያ ናት።

ገንዳው ሶፋውን አስነስቶ ግድግዳውን በሙሉ ይዟል። ለስላሳዎቹ ኮራሎች፣ ተክል የሚመስሉት የባሕር እንስሳት፣ ደህና በነበሩበት ጊዜ ማማራቸውን እማ ሳራስም አይክዱም። ጣት ጣት የሚያህሉት ቅርንጫፎች ከውሃው ጋር ይወዛወዙ ነበር፤ ትልቁ፣ እንጉዳይ የሚመስለው፣ አናቱ ላይ ጥቃቅን አበባ ያወጣ ነበር። ከሐሙስ ማታ ወዲህ ግን ሁሉም ተኮማትረዋል፤ እንጉዳዩም እንደ እርጥብ ካልሲ ተልፈስፍሷል። ዛሬ ደግሞ እሑድ ነው፤ የደርባን የኮራል አሳዳጊዎች ማኅበር አባላት ለምሳ ይመጣሉ። ሎጋን የማኅበሩ ሊቀመንበር ልሁን የሚለው በዚህ ገንዳ ነው፤ ሌላ የሚያሳየው ሙያ የለውም።

"እማ፣ ወለሉን በምን ነበር ያጠቡት?" አለ ፊቱን ሳያዞር።

"በእርድ ውሃ ነዋ። የጾሙ ወር ሲገባ የሂንዱ ቤት በምን ይታጠባል?"

"የካምፎር ዕጣንም አጭሰዋል።"

"ለጸሎት ትንሽ ለኮስኩ። እናቴም እንደዚሁ ነበር የምታደርገው..."

"እናትዎ ኮራል አልነበራቸውም!" ሎጋን ሳቀ። "እኔ መብራቱን፣ ሞገዱን፣ ሙቀቱን በስልኬ እቆጣጠራለሁ፤ እርስዎ ቤቱን እንደ ጠንቋይ ጎጆ ያጥኑታል።"

"እነሱ የተኮማተሩት ሐሙስ ነው፣ ልጄ። እኔ ያጠብኩት ዓርብ።"

"ሊያጥቡ ሲዘጋጁ ሽታው ደርሷቸው ነዋ።"

እማ ሳራስ ቢላዋውን አስቀመጡ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ነገር ነው ብለው አሰቡ፤ ግን አህያው የትኛው እንደሆነ አላወቁም።

"ለማንኛውም" አለ ሎጋን፣ ጉልበቱን እያራገፈ። "ከምሳ በኋላ ካሚኒ ፒተርማሪትዝበርግ ታድርስዎት። ወንድ ልጅዎ ዘንድ ይቆዩ። ኮራሎቹ እስኪከፈቱ ብቻ።"

ካሚኒ፣ የእማ ሳራስ ልጅና የእሱ ሚስት፣ ለቲያ ካልሲ እያጠለቀች ነበር። ቀና አላለችም። ከሆስፒታል የሌሊት ሥራዋ ከተመለሰች ገና ልብሷን አልቀየረችም።

እማ ሳራስ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። "ካሚኒ ሥራ ስትሆን ልጅቷ ቢያፍናት ማን ቀና ያደርጋታል? መድኃኒቱን ማን ይነፋላታል?"

"እኔ አለሁ።"

"አንተማ አለህ። ለእንጉዳዩ።"

"ይኸው፣ ስድብም ጀመሩ" አለና ሸሚዝ ሊቀይር ሄደ። እማ ሳራስ ምን ያድርጉ? ቤቱ የሎጋን ነው። ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ወጥ ቤቱ በር ሥር አቆሙና ሥጋ የሌለበትን የሩዝ ብርያኒ ለእንግዶቹ ጣዱ። እያንዳንዱን የቲያ ሳል እየሰሙ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ለካሚኒ ደጋግመው ነገሯት።

መጀመሪያ የደረሱት አጎት ዶራይ ነበሩ፤ በማኅበሩ ውስጥ አንጋፋው፣ ሆዳቸው ከፊት የሚቀድም፣ ሳቃቸው ከሆዳቸው የሚቀድም። ገንዳውን ሲያዩ ግን አልሳቁም።

"ምን አጠጣሃቸው፣ አንተ?"

"አማቴ ናቸው፣ አጎት። እርድና ካምፎር።"

"ካምፎር እኔም ቤት በየቀኑ ይጨሳል። ውሃ መቼ ቀየርክ?"

"ሐሙስ ጠዋት፣ ግማሹን። ንጹሕ የባሕር ውሃ ነው" አለ ሎጋን ደረቱን ነፍቶ። "ባሕር ደጃፌ እያለ እንደ ጆሃንስበርግ ሰዎች የከረጢት ጨው አልበጠብጥም።"

"ከየት በኩል ቀዳህ?"

"ከኡምጌኒ ወንዝ አፍ፣ ባሕር ከሚገባበት። ቅርብ ስለሆነ..."

"ረቡዕ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ?"

"ጭቃው በርሜሉ ውስጥ እስኪረጋ ጠብቄአለሁ። ከዚያ ጥርት አለ።"

"ጨውንስ ለካኸው?"

"ባሕር ጨው ያጥረዋል እንዴ፣ አጎት!"

አጎት ዶራይ ከኪሳቸው የጨው መለኪያ መነጽር አወጡ። ከገንዳው አንድ ጠብታ አኑረውበት ወደ መስኮቱ አነጣጠሩና አሁን ሳቁ፤ ሆዳቸው እየዘለለ ሳቁ። "ሊቀመንበር! ወንዙን ነው እኮ ተሸክመህ የመጣኸው! ይሄ ለሾርባ እንኳ አይበቃም። በል፣ ጨውን ቀስ እያልክ ነው የምትመልሰው፤ በአንዴ ከደፋህባቸው ትጨርሳቸዋለህ።"

የሎጋን ጆሮ ቀላ። የቲያ ሳል ተሰማ። እማ ሳራስ ጠበቁ። ይቅርታ ትልቅ ነገር ነው፣ ከእሱም አይጠብቁም፤ ቢያንስ ግን "ተሳስቼ ነው" ይላል ብለው ጠበቁ።

"እንግዲህ ይቆዩ፣ እማ" አለ ሎጋን፣ ለሠራተኛ ፈቃድ እንደሚሰጥ አለቃ። "ምሳው እንዳይዘገይ። ካሚኒ፣ ተነሺ፤ ወደ ሰሜን ወጣ ብለን ጥሩ ውሃ እንቅዳ፣ በርሜሉን ትይዥልኛለሽ። ካምፎሩ ግን ለማንኛውም ከቤት ይውጣ።"

ካሚኒ ተነሳች። ቲያን በጎኗ ታቀፈች፤ የልጅቷን መድኃኒት ከመሳቢያው አወጣች፤ በባሏ አጠገብ አልፋ ወጣች።

"ካሚኒ! በርሜሎቹ ጓሮ ናቸው እኮ!"

የመኪናው ሞተር ተነሳ፤ መኪናው ግን አልሄደም። በኋላው መስኮት የቲያ ትንሽ እጅ ታየች። እማ ሳራስ ምድጃውን ተመለከቱ። ሩዙ ገና መንተክተኩ ነው፤ ፍሬው ጥርስ ይሰብራል። በሕይወታቸው እንግዳ ጠርተው ድስት ጥለው ሄደው አያውቁም። ውጭ ሌሎች መኪኖች መቆም ጀምረዋል፤ ሎጋን ደግሞ ተመልሶ ገንዳው ሥር ተንበርክኳል።

እሳቱን አጠፉ። ድስቱን አጥብቀው ከደኑ፣ ያለቀለት እንዲመስል። ከዚያ ሻንጣቸውን አንሥተው፣ ካሚኒ ወደምትጠብቅበት መኪና ወጡ።