የአባዬን ወንበሮች ማን ደውሎ ይሽጥልን

አባዬ አናጢ ነው። ጉልበቱ ካስቸገረው ወዲህ ሲነሱ የማያታግል፣ ከፍ ያለ፣ የእጅ መደገፊያው ሰፊ የሆነ ወንበር ፈለሰፈና አርባ ሠርቶ መጋዘኑን ሞላው። ገዢ ግን ዝር አላለም። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሸጠ የወርክሾፑን ቁልፍ አስረክቤ ቤቴ እቀመጣለሁ» አለ። አባዬ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ በሳምንቱ እንደሚታመም አውቃለሁ። ስለዚህ እየደወለ የሚሸጥልን የጥሪ ማዕከል ፍለጋ ወጣሁ። አቅማችን ለአንድ ብቻ ነበርና ከተሳሳትኩ አለቀልን።

ባዛር ላይ ወንበሩን አይተው ስልካቸውን የተዉልን መቶ ሰዎች ነበሩ። ዝርዝሩን ለሁለት ማዕከሎች ለሙከራ ሰጠሁ፤ ምን እንደሚሉ ልስማ ብዬ የአባዬንም የቤት ስልክ መሃል ላይ ሸጎጥኩበት።

የመጀመሪያው ማዕከል አፍ ያስከፍታል። መስታወት በመስታወት ነው፤ ሠራተኛው ስልሳ። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ «እኛ ጋ አምስቴ ጠርቶ ካልተነሳ ማሽኑ ራሱ ዘግቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጊዜ አናባክንም» አለኝ። እኔም መጠበቅ የሚባል ነገር አልወድምና ልቤ እዚያው ቀረ። በማግስቱ በመጣው ሪፖርት ሰባ አንዱ ሰው «አልተገኘም» ተብሏል። አባዬም አንዱ ነው። አልገረመኝም፤ እሱ ለእኔም አያነሳም።

ሁለተኛው ከልብስ ሰፊ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ስድስት ሴቶች፣ ስድስት ስልክ። «እዚህ ደግሞ ምን ልሠራ መጣሁ» እያልኩ አንዷ ደዋይ አጠገብ ተቀምጬ ማዳመጫ አጠለቅኩ። ምሳ ሰዓት ላይ የአባዬ ቁጥር ደረሰ።

አምስቴ ጠራ። ስምንቴ። አሥራ አንዴ።

«በቃ ዝጊው፣ የለም ማለት ነው» አልኳት።

«እህቴ፣ የምንሸጠው ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አይደል? ይነሱ እንጂ» አለችኝ።

በአሥራ አራተኛው አባዬ እያለከለከ አነሳ።

«ይቅርታ አባባ፣ አስነሳሁዎት።»

«ኧረ እንኳን ጠበቅሽኝ። የኔዋ ልጅ ስልኩ ጋ ስደርስ ዘግታዋለች። ከዚያ ደግሞ ለምን አታነሳም ብላ ትቆጣኛለች።»

የምገባበት ጠፋኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ስቆጣው እንደኖርኩ አስቤ አፈርኩ። ደዋይዋ ግን ምንም ሳታውቅ ስለ ወንበሩ ማስረዳቷን ቀጠለች። አባዬም የገዛ ወንበሩ መሆኑ ሲገባው፣ «መደገፊያው ሰፊ መሆኑን አልነገርሽኝም እኮ። እሱን ነው መጀመሪያ የምትናገሪው» ብሎ አረማት። አመስግናው ማስታወሻ ያዘች።

እዚያው ፈረምኩ። በማግስቱ ማታ ሳይደርስ፣ ያኛው ማዕከል «አልተገኘም» ካላቸው ሰዎች አሥራ ዘጠኙ ወንበር አዘዙ።

ለአባዬ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አሁንም ጠራ።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ አባዬ። አሥራ ዘጠኝ ተሸጠ።»

«እንግዲህ ቁልፉን ለማንም አልሰጥማ» አለ። «አንቺ ግን ዛሬ ምን ነካሽ? እስካሁን ሳትዘጊ ጠበቅሽኝ?»