የተኮረጀ እርምጃ

"በቀኝህ አንክስ እንጂ ሰውዬ! በቀኝህ!" አለ ዳይሬክተሩ በድምፅ ማጉያው።

በፊልሙ ጀግና ፈንታ የሚዘለውና የሚወድቀው ዘላዩ ድልድዩ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቷል። የለበሰው የቆዳ ጃኬት የጀግናው ነው፤ ያጠለቀው ሰፊ ባርኔጣም የጀግናው። የራሱ የሆነው ጭቃ የዋጠው እግሩ ብቻ ነበር፤ አሁን እሱንም ቀይር እያሉት ነው።

"የተሰበርኩት በግራዬ ነው!" ብሎ ጮኸ፣ ዞር ሳይል።

"አንተማ በፈለግከው ተሰበር! ጀግናው የሚያነክሰው በቀኙ ነው። በል ተመለስ፣ ከመነሻው!"

ከገመዱ ወዲያ ቀረጻውን ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ሕዝብ ሲባል እንዲህ ነው፤ ማጉያ ከያዘው ጋር ነው የሚስቀው። የዘላዩ ሚስት ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ብቻ አልሳቀም። ዘላዩን ይበልጥ ያበገነው ይሄ ነው። በሰው ለቅሶ እንኳ ቀልድ የማያጣ አማቹ ዝም ካለ፣ ውርደቱ ምን ያህል ቢከፋ ነው?

ይህ የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል አስራ አምስት ዓመት ተጠብቋል። አገር ምድሩ የጠበቀው ጀግናው ከዋሻው ወጥቶ የተቀበረውን ወርቅ ሲያገኝ ለማየት ነው። ዘላዩ የጠበቀው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ጀግናው ከገደል ወደ ወንዝ ሲወረወር፣ የተወረወረው እሱ ነበር። ከውሃው ስር ቋጥኝ እንዳለ የነገረው ሰው አልነበረም። ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ያኔ ረዳት የነበረው የዛሬው ዳይሬክተር አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ "አይዞህ፣ በቀጣዩ ፊትህን እናሳያለን" አለው። አለና ረሳው። ድሃ ግን ቃል አይረሳም፤ ሌላ የሚያስቀምጠው ነገር የለውማ።

ጀግናው ራሱም፣ ማለት ጀግናውን የሚሠራው ተዋናይ፣ ጀሶው የተፈታ ሰሞን ብርቱካን ይዞ ክሊኒክ ድረስ ጠይቆት ነበር። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆመና፣ "እስቲ ወደ እኔ ና፤ ተራመድ ልይህ" አለው። ዘላዩ ላብ እያጠመቀው ተራመደ። "እስቲ ድገመው" አለው፤ ደገመው። "ሰው ማለት እሱ ነው፣ እንደ ወንድም ነው ያበረታታኝ" እያለ ለሚስቱ ሲያወራ ሰነበተ።

ፊልሙ ሲወጣ ተሰልፎ ገባ። ጀግናው ከወንዙ ወጣ። ትከሻውን ወርወር፣ ወገቡን ሰበር፣ ጥርሱን ነከስ። ዘላዩ ወንበሩ ላይ ደረቀ። የእሱ እርምጃ ነው! ብቻ ሌባው ፊት ለፊት ቆሞ ስለኮረጀው፣ እንደ መስታወት ገልብጦ በቀኙ አደረገው። ያቺን ማነከስ ሰው ሁሉ ወደዳት። የየሰፈሩ ጎረምሳ በቀኙ ማነከስ ጀመረ። ዘላዩ ወደሚሠራበት መኪና ማቆሚያ የምሩን እያነከሰ ሲያልፍ ግን፣ "ጀግናውን ልምሰል ብሎ ነው፤ ያውም እግር ተሳስቶ!" ብለው ሳቁበት።

ዛሬ ጠዋት ሚስቱ ሸሚዙን ሁለቴ ተኮሰችው። "ፊትህን ደህና አድርገህ ታጠብ፤ ያ ስክሪን የቤት ግድግዳ ያክላል" አለችው። ወንድሟ ጺሙን እየላጨው፣ "እኔ እንኳ የጀርባህ አድናቂ ነኝ። ዛሬ ግን ፊትህን አሳምሬ ካልላክሁ እህቴ በዚሁ ምላጭ ነው የምትጨርሰኝ" ብሎ አሳቀው። ከዚያ በመኪናው አመጣው። ታዲያ ምን ሆነ? ባርኔጣ ደፉበትና፣ "ጀርባህን አዙር" አሉት።

ዳይሬክተሩ ጭቃው ላይ በተነጠፈው ጣውላ እየተረማመደ መጣ።

"ምንድን ነው ችግርህ?"

"ፊትህ ይታያል ተብዬ ነው የጠበቅሁት።"

"ማን ነው ያለህ?"

"አንተ ነሃ! አልጋዬ አጠገብ ቆመህ።"

"ኧረ ባክህ! ያኔ እኔ ማን ሆኜ ነው ቃል የምገባው?"

ጀግናው ከጃንጥላው ስር ተጣራ። "አጅሬ፣ ቶሎ በላ በናትህ! ወገቤን ባያመኝ እኔው እራመደው ነበር።" ከዚያ አጠገቡ ወዳለችው ልጅ ዘንበል ብሎ፣ "ማን ነበር ስሙ?" አላት። ዘላዩ ሰማው።

ዳይሬክተሩ ድምፁን አለሰለሰ፤ እጁንም የዘላዩ ትከሻ ላይ ጣለ። "ስማኝ ወንድሜ፣ ይህችን ብቻ በቀኝህ ጨርስልኝ። ሦስተኛ ክፍል አለን። በቀጣዩ ፊትህን እናሳያለን።"

ቃል በቃል ያችው ናት።  

"እሺ" አለ ዘላዩ።

"አክሽን!"

ሄደ። በግራው እያነከሰ ሄደ። ቁም የተባለበትን ምልክት አለፈው። "ካት! ካት አልኩ እኮ!" ማጉያው ተንጫረረ። ድልድዩን ተሻገረ፣ ጃኬቱንና ባርኔጣውን የድልድዩ ብረት ላይ ሰቀለ፣ ማዶ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

ብዙ ተሯሯጡ፣ ብዙ ተሰዳደቡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀረጻው ማለቅ ስላለበት፣ ጀግናው እያጉረመረመ ከጃንጥላው ወጣ። ባርኔጣውን አምጥተው ደፉለት። ተራመደ። ማነከሱ ግን አልመጣለትም፤ ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባበት ሰው መሰለ። አሁን ከገመዱ ወዲያ የሳቀ የለም፤ ይልቅ አንዱ፣ "እንዲህ አልነበረም!" ብሎ ጮኸ። ጀግናው ፊቱ ቀላ። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ማዶ ተጣራ፦

"ወንድሜ! እስቲ አንዴ ወደ እኔ ና! ተራመድ ልይህ!"



አማቹ በሰው መሃል ተሹለክልኮ ተሻግሮ መጣ። "ተነስ እንሂድ፤ መኪናው እዚያ ማዶ ነው።"

"አልነሳም።"

"ምን ልትሆን? በዚሁ ሐውልት ልትሆን ነው?"

"እነሱ ሳይሄዱ አንዲት እርምጃ አልራመድም። እንደገና አይወስዷትም።"

አማቹ ጀግናውን አየ፣ የዘላዩን ጉልበት አየ። ቀልዱን ትቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

"ከመሸስ?"

"ይምሽ።"

"ወንድሜ፣ ሁለት እርምጃ ብቻ!" አለ ጀግናው ከማዶ። ቀጥሎ ዳይሬክተሩ ማጉያውን አነሳ። "ና፤ ፊትህን እናሳያለን! ዛሬውኑ! እየሰማኸኝ ነው?"

ዘላዩ ቀና አለ። አስራ አምስት ዓመት የጠበቀው ቃል ከነማጉያው ወንዙን ተሻግሮ መጣለት። የአማቹ ስልክ ጮኸ። የዘላዩ ሚስት ናት፤ ጉጉቷ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። "ታየ ወይ? ፊቱ ታየ?"

አማቹ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። "ምን ልበላት?"

ዘላዩ ግራ እግሩን ወደ ራሱ ሰበሰበ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ሸፈነው።

"አልታይም አለ በላት።"