የደብሪቱ ደም

ወደ ሞላሌ ስንወጣ ዶክተር አመተሥላሴ ከጣርማ በር ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም። እኔ የላቦራቶሪያቸው ረዳት ነኝ፤ ዝምታ አይከብደኝም። የዚያን ቀኑ ዝምታቸው ግን ከምን እንደመጣ አውቅ ነበር።

የሞላሌው መምህር ማዕረግ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመዋል። አዲስ አበባ እየተመላለሰ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። ወላጆቹ ሊሰጡት ፈልገው ነበር፤ ዕድሜና ደም ግፊት ከለከላቸው። የቀረችው እህቱ ደብሪቱ ናት። የደም ዓይነቷ ከእሱ ጋር ተስማማ። ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይባቸውን ምልክቶች ስንመረምር ግን ደብሪቱ ከአባትም ከእናትም የወረሰችው አልተገኘም።

የሆስፒታሉ ኮሚቴ ደግሞ ዘመድ ካልሆነ ለጋሽ አይቀበልም።

ዶክተር አመተሥላሴ የራቤል ቄስ ልጅ ናቸው። የአንዱ ደም የሌላውን አካል መቼ እንደሚገፋ፣ መቼ እንደሚታገሥ ሲያጠኑ ጠጉራቸው ሸብቷል። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱት ለጋሽና ተቀባይን ለማዛመድ የሚያገለግሉት ሠንጠረዦች ከሌላ ሕዝብ ደም የተሠሩ ስለሆኑ ነው። የእኛን አገር ሰው ደም ቤት ለቤት እየዞሩ ሰብስበዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ለአንዲት ሴት «የአባትሽ ልጅ አይደለሽም» ብለው አያውቁም።

መኪናው ሞላሌ ሲገባ፣ «ቤት አፍርሼ ኩላሊት አልተክልም» አሉ።

አቶ አባይነህ፣ የማዕረግ አባት፣ ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። እናትየዋ ወይዘሮ ጌታነሽ የገብስ ቆሎ አቀረቡ። ዶክተሯ አንድ ፍሬ እንኳ አልቀመሱም።

«የራቤል ሰው ዝም ካለ» አሉ አቶ አባይነህ ወደ እኔ ዞረው፣ «ወይ ታሟል፣ ወይ የበግ ዋጋ ሊያረክስ ነው።»

ዶክተሯ ፈገግ ብለው ደብሪቱን ወደ ጓሮ ይዘዋት ወጡ። እኔንም በዓይናቸው ጠሩኝ። ከገብሱ ክምር ሥር ቆምን።

«ደብሪቱ፣ ስለ ልደትሽ የነገረሽ ሰው አለ?»

«ስለ ወላጅ እናቴ ነው? እኔን ወልዳ ነው የሞተች። እማዬ ማዕረግን በግራ፣ እኔን በቀኝ ይዛ አጠባችን። አገር ያውቃል።»

ዶክተሯ ክምሩን ተደገፉ። «ለምን ሳትነግሪን ቀረሽ?»

«እህቱ ነሽ ወይ አላችሁኝ፤ ነኝ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?» ነጠላዋን አጣፋች። «ዳኜ ሽማግሌ ሲልክብኝ በማዕረግ በኩል አምስተኛ ቤት ይሆናታል ተብሎ ተመለሰ። ባል ያስቀረብኝ ዝምድና ዛሬ ለኩላሊት አይበቃም ልትሉኝ ነው?»

ዶክተር አመተሥላሴ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ቤት ተመልሰው ሁሉንም በግልጽ አስረዱ። ምልክቱ ባይመሳሰልም፣ የማዕረግ ደም የደብሪቱን ሴሎች ካላጠቃ ንቅለ ተከላው ይቻላል። ማዕረግ ግን ታሞ ሳለ የሌላ ሰው ደም ተሰጥቶታል፤ ደሙ ባዕድ መውጋት ተምሮ ሊሆን ይችላል። ይህንን ለይቶ ማወቅ ነው የዕድሜ ልክ ሥራቸው።

አቶ አባይነህ አዳመጡና፣ «እንግዲያስ ዝምድናውን እኛ እንመሰክራለን፤ የደሙን እርስዎ ይመስክሩ» አሉ።

ከነፍስ አባታቸው ከአባ ወልደ ጻድቅ ጋር አዲስ አበባ መጥተው፣ ደብሪቱ በአንድ ጡት ያደገች የማዕረግ እህት መሆኗን ለኮሚቴው መሰከሩ። ከኮሚቴው አንዱ፣ «ጡት መጥባት በሕክምና ዝምድና አይደለም» አለ። ዶክተሯ ድምፃቸውን ሳያነሡ መለሱ።

«ዘመድ ይሁን ያላችሁት ኩላሊት እንዳይሸጥ ብላችሁ ነው። ይቺ ልጅ ስለ ወንድሟ ትዳር ያለፋት ናት። የቀረው የደሙ ነገር ነው፤ እሱን ለእኔ ተዉት።»

ኮሚቴው ፈቀደ፤ ምርመራው ከሠመረ በሚል።

የማዕረግን የደም ውኃና የደብሪቱን ሴሎች የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። የተጠቃ ሴል ቀለም ይገባበታል፤ ጤነኛው አይቀበልም። ዶክተሯ ከኋላዬ ቆመው «አንቺ እዪ» አሉኝ። አጎንብሼ አየሁ፤ ቀለሙ ከውጭ ቀርቷል። ሴሎቹ ጥርት ብለው ያበራሉ።

«በሕይወት አሉ» አልኩ።

እሳቸውም አዩ። በማግሥቱ እንደገና አሠሩኝ። ያው ነበር።

የንቅለ ተከላው ቀን ወይዘሮ ጌታነሽ ከእኛ ጋር ነበሩ። አቶ አባይነህ ግን ወደ ሞላሌ ተመልሰው ነበር። እንድደውልላቸው የታዘዝኩት እኔ ሆንኩ።

«አባባ፣ ተሳክቷል። የደብሪቱ ኩላሊት ሥራ ጀምሯል።»

«ምን ሲሠራ አያችሁት?»

ፊቴ ጋለ። «ውኃ... ውኃ እያወጣ ነው።»

«ሸና ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ደብሪቱስ?»

«ደኅና ናት። ነቅታለች።»

ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት መሰለኝ፤ ድምፃቸው ራቀ። «ልጄ ሸንቷል! ደብሪቱም ደኅና ናት!» ሲሉ ሰማሁ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ኖሯል፤ እልልታው ስልኩን አስጮኸው። አቶ አባይነህ በመሐል፣ «የራቤሏ ልጅ ናት፤ የቄሱ ልጅ፤ የኛው» እያሉ ለአንድ ሰው ያስረዳሉ።

ዶክተር አመተሥላሴ ከውስጥ ወጡ፤ ዓይናቸው በድካም ቀልቷል። እልልታውን ሰምተው ቆሙ።

«ምንድን ነው እሱ?»

ስልኩን ዘረጋሁላቸው። «ሞላሌ ነው» አልኳቸው። «እልል የሚሉት ለእርስዎ ነው።»