ሰባቱ ዙር ሳይሞላ

ከሪማ ልጇን ራሷ ልታድነው ቆርጣለች። ጅዳ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ያሳደገች ሴት የገዛ ልጇን ማቅናት አቃታት ከምትባል ሞቷን ትመርጣለች። ልጇ ኑሩ ፔትሮሚን ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ተደብቆ የሚወጣውን አረቄ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ውሃ ሲጋተው ኖሯል። ረቡዕ ማታ ቁርኣን አስይዛ አስማለችው፤ ከዚያ ወዲያ ጠብታ አልቀመሰም።

ኀሙስ ከሰዓት ሰሚራ ኑዝላ ሰፈር ያለው ቤታቸው መጣች። ነርስ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ ቤት ለቤት እየዞረች ሱስ የያዛቸውን ከሐኪም ታገናኛለች። የኑሩ ጣቶች ሲንቀጠቀጡ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«እማ ከሪማ፣ ይኼን ያህል የጠጣ ሰው ባንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ይከዳዋል። ይጥለዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። አሁኑኑ እንውሰደው፤ በመድኃኒት ቀስ አድርገው ያስተዉታል።»

«ስሙ ሰካራም ተብሎ ይጻፍ? አሠሪው ከፊል ሰምቶ ከሥራ ያባርረው?»

«ሊታከም የመጣን ሰው ሐኪም ለከፊል አያወራም።»

«አንቺ፣ ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

«አልወለድሁም። ቀብሬ ግን አውቃለሁ። ባለፈው ረመዳን እንዲሁ በመሐላ ያቆመ ልጅ ነበር።»

«ሟርትሽን ይዘሽ ሂጂልኝ። ነገ ዑምራ አስደርገዋለሁ፣ ዘምዘም ይጠጣል፣ ኸላስ።»

ኑሩ ግድግዳውን ተደግፎ «እማ፣ ሰሚራ እንዳለችው ብናደርግስ?» አለ። ከሪማ የኢሕራሙን ነጭ ጨርቅ ማጠፏን ቀጠለች።

ዓርብ መካ ሲገቡ ጨርቁ በላብ ርሶ ነበር። ካዕባውን ሲዞሩ ኑሩ ከትከሻው ላይ የሌለ ጉንዳን ያራግፍ ጀመር። ከሪማ ደስ አላት። ሸይጣኑ እየለቀቀው ነው ብላ አጠገቧ ለምትሄድ የወሎ ሴት ነገረቻት፤ ሴትዮዋም አሚን አለች።

ሰፋና መርዋ በሚባሉት ኮረብቶች መካከል ሲመላለሱ፣ ከሰባቱ ዙር አራተኛው ላይ ወደቀ። ዐይኑ ተገለበጠ፣ አፉ አረፋ ደፈቀ፣ እግሩ ዕብነ በረዱን ይደበድበው ገባ። ሲበርድለት የአምቡላንስ ሰዎች ደረሱ። አንደኛው ተንበርክኮ በዐረብኛ ጠየቃት።

«እናቴ፣ የሚወስደው ነገር አለ? ክኒን? መጠጥ?»

ዙሪያውን ሰው ከቧቸዋል። የወሎዋም ሴት ቆማ ታያለች።

«የእኔ ልጅ? ወላሂ፣ ምንም አይቀምስም። ፀሐይ ነው የመታው።»

ሰውየው ያለችውን ጻፈ። በረዶ ብብቱ ሥር አድርገው ጫኑት፤ እሷም እግሩ ሥር ተቀመጠች። በሩ ተዘግቶ ብዙም ሳይሄዱ እንደገና ያንዘፈዝፈው ጀመር፤ ይኼኛው ከፊተኛው የባሰ ነው፣ ደግሞም አይለቅም። ከንፈሩ ጠቆረ።

«ይጠጣል» አለች ከሪማ። «ስድስት ዓመት ጠጥቷል። ረቡዕ ነው ያስተውሁት።»

ሃያ ሁለት ዓመት ያወራችው ዐረብኛ ጥሏት ጠፍቶ፣ ይኼን ሁሉ ያለችው በአማርኛ ነው። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ዱዓ አድርጊ፣ እናቴ» አላትና ሌላ በረዶ ጨመረበት።