የተሰካ ሲቀንስ

ከራት በፊት የኤሌክትሪክ መኪናው ማሳያ ላይ ባትሪው ሃምሳ ስምንት በመቶ ይል ነበር። እናትየው ሳህን አጥባ ወጥታ ስታየው ሃምሳ አንድ ሆኗል። ገመዱ ግን ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው።

«ልጄ፣ ይኼ መኪና እየጠጣ ነው ወይስ እየተጠጣ?» አለችው አማቿን፣ ባለታክሲውን።

«እየተጠጣ ነው፣ እማማ። ሰው ሁሉ ምድጃ በሚያበራበት ሰዓት የመብራት ድርጅቱ ከባትሪያችን ኃይል ይወስዳል። ሰው ሲተኛ መልሶ ይሞላዋል፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ይከፍለናል። መኪናው ቆሞም ይሠራል ማለት ነው።»

«ቆሞ ሲሠራ ያየሁት ዘበኛ ብቻ ነው። እሱም ይተኛል።»

ልጇ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዘጠኝ ወሯን ጨርሳለች። እናትየውን እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነው። ምጥ ቀጠሮ አያውቅም፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው።

«ከሠላሳ በታች አይወርድም፤ ውሉ ላይ አለ» አላት አማቿ። «ሆስፒታል ለመድረስ አሥር ይበቃናል።»

«ላም አለኝ በሰማይ» ብላ አጉረመረመች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ መደመርና መቀነስ አይቸግራትም። ተሰክቶ የሚቀንስ ነገር ግን የትኛው ትምህርት ላይ እንደነበረ ብታስበው አልመጣላትም። ባልና ሚስት መኝታቸው ሲገቡ ወጥታ ገመዱን ነቀለችው። ቁጥሩ አርባ አንድ ላይ ቆመ። እፎይ ብላ ተኛች።

ሲነጋ ልጇ ግድግዳ ተደግፋ ጠራቻት። አማቿ ሮጦ መኪናው ውስጥ ገባና ማሳያውን አየ።

«አርባ አንድ? ሞልቶ ማደር ነበረበት እኮ። ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኝ። እንዳያልቅ ብዬ።»

«እማማ፣ የሚሞላው ሌሊት ነው።»

ነገሩ ዞረባት። አዳነችው ወይስ አጎደለችው? መንገዱን ሙሉ በአንድ እጇ የልጇን ወገብ እያሸች፣ ዓይኗን ቁጥሩ ላይ ተክላ ሄደች። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ አምስት። መብራት ባስቆማቸው ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች። የሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ሠላሳ አንድ ይላል።

ከቀትር በኋላ አዋላጇ ሕፃኗን ታቅፋ ብቅ አለች።

«እንኳን ደስ አለዎት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ትቀንሳለች፤ ከዚያ መልሳ ትሞላለች። እንዳይደነግጡ።»

እናትየው አንዴ አዋላጇን፣ አንዴ አማቿን አየች።

«ከስንት በታች ነው የማትወርደው?»